የቆሎ ተማሪ ጎጆ ነበረው

አዲስ የትምህርት ዘመን ሲገባ በየዩኒቨርሲቲ ከተማው መናኸሪያ የሚታይ የተለመደ ትዕይንት አለ። ነባር ተማሪዎች ባጅ አንጠልጥለው ይቆማሉ፤ ከአውቶቡስ የሚወርደውን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሻንጣ ተቀብለው ወደ ግቢ የሚወስደውን ሰርቪስ ያሳዩታል። ተማሪው ያን ማታ የሚተኛበት ዶርም ተመድቦለታል፤ የሚበላበትን ካፌም ያውቃል። ከዚያው አውቶቡስ ግን ሌላም ተማሪ ይወርዳል። ዕድሜው ወደ ሠላሳዎቹ የተጠጋ፣ ምናልባት በክልል ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ምናልባትም በወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ነው። ማስተርሱን ወይም ፒኤችዲውን ሊማር አዲስ አበባ ገብቷል። እሱን ቆሞ የሚጠብቀው የለም፤ ካለም ደላላ ነው። አሠራራችን ይህን ተማሪ «ትልቅ ሰው ነው፣ ራሱ ይወጣዋል» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አመለካከት ስህተት ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ተማሪው ብቻ አይደለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ በከተማው ውስጥ መስፈሩ የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው፤ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ላኪው መሥሪያ ቤት እንደ ራሳቸው ሥራ ሊይዙት ይገባል።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከመምህር ወደ መምህር፣ ከአገር ወደ አገር እየተሻገሩ መማር የቆየው የከፍተኛ ትምህርታችን መልክ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ቤተልሔም ይወርዳል፤ ቅኔ የሚቆጥር ዋሸራን ወይም ጎንጅን ይመርጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባን ይጠይቃል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ያሰኘው ጎንደር ይዘልቃል። አንዱን ጉባኤ ጨርሶ ወደ ሌላው የሚያልፈው ይህ ሰው በዛሬው አነጋገር የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። ኑሮው ምቹ ነበር ማለት አይቻልም፤ ከደበሎውና ከአኩፋዳው ሌላ ንብረት የለውም፣ ረኃቡና የመንደር ውሻው ይፈራረቁበታል። ይሁን እንጂ ከጉባኤ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ማደሪያ አያሳስበውም። በመምህሩ ዙሪያ የተማሪ ጎጆዎች አሉ፤ መጀመሪያ ከነባሮቹ ጋር ይጠለላል፣ ሲለምድ የራሱን ይቀልሳል። መንደርተኛውም «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ድምፅ ለምዶታል። በወሎም ወደ ዳናና ወደ ገታ ኪታብ ሊቀራ ከሩቅ የመጣው ደረሳ ያካባቢው ሕዝብ እጅ አይለየውም ነበር። እነዚህ ጉባኤዎች የበጀት መደብ አልነበራቸውም። መምህር ባለበት ሁሉ ለተማሪው ማደሪያ መኖር እንዳለበት ግን ያውቁ ነበር።

ዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን በማያውቁት ቦታ መኖርን ከትምህርት ቆጥሮት ያውቃል። የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር፤ አብዛኞቹም የተላኩት በየትምህርት ቤቱ ሊያስተምሩ ነው። የአዲስ አበባው ልጅ ሌላ አገር ገብቶ፣ ቤት ይዞ፣ ከሰው ተላምዶ መኖሩ ለመመረቂያ የሚያበቃ ትምህርት ነው ተብሎ ታምኖበታል። ዛሬ ጉዞው አቅጣጫውን ቀይሯል። ኤርትራ ከተለየች በኋላ እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት የመንግሥት ተቋማት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። አሁን ቁጥራቸው ከ40 በላይ ሆኗል። አዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያ ዲግሪ የቀጠሯቸውን መምህራን ለማስተርስና ለፒኤችዲ የሚልኩት በብዛት ወደ ቀደምቶቹ ነው። እንግዲህ ከአርባ ምንጭ ወይም ከአሶሳ ተነሥቶ ስድስት ኪሎ የሚደርሰው መምህር የመጣው በግል ፍላጎቱ ብቻ አይደለም፤ አገሪቱ በያዘችው ዕቅድ ተልኮ ነው። ዕቅዱ ትምህርቱን ሲያስብለት አዳሩን ረስቶታል።

ይህ መርሳት መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ስድስት ኪሎን ማዕከል አድርጎ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ተከትሎ ሽሮ ሜዳን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን፣ ቀበናን ይዞራል። የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በግለሰብ ግቢ ጓሮ የተሠራች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ናት፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ የመብራት ቆጣሪው የጋራ፣ ውሃው በፈረቃ። ከዚያ የአከራይዋ ጥያቄ ይከተላል። «ላጤ ነህ ባለትዳር? እንግዳ ታበዛለህ? የምታበስለው በኤሌክትሪክ ነው? ማታስ ስንት ሰዓት ትገባለህ?» በሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ አስቀድሞ ይነገረዋል። አከራይዋ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። ግቢው ቤታቸው ነው፤ የማያውቁትን ሰው ሲያስገቡ ስለ እሱ የሚመሰክርላቸው የለም። ተከራዩም የያዘው መታወቂያ የሌላ ከተማ ነው፤ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብሎ ከቀበሌው መሸኛ አውጥቶ መምጣቱ አያዋጣውም። ሁለቱም ወገን የሚያምኑት ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ያን ቦታ አሁን የያዘው ደላላው ነው፤ እሱ ደግሞ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ አይገኝም።

በዚያ ላይ ለግቢዎቹ ቅርብ የሆነው ርካሽ ቤት እየተመናመነ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በአካባቢያቸው የነበሩ አሮጌ መንደሮች ፈርሰዋል። የከተማው መታደስ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ ልብ ሊባል የሚገባው ከፈረሱት ቤቶች ጋር ለተማሪ ኪስ የሚመጥኑ ክፍሎች አብረው መሄዳቸው ነው። ቅርብ ያላገኘ ወደ ኮንዶሚኒየሞቹ ይወጣል፦ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከቃሊቲ መጥቶ ምኒልክ አደባባይ ላይ ያበቃል፤ ስድስት ኪሎ አይደርስም። ስለዚህ ተማሪው ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ይይዛል፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቀይሮ ክፍል ይደርሳል፣ ማታም ያንኑ ይደግማል።

ይህ ሁሉ ትምህርቱን የሚነካው እንዴት ነው? የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ የሚለየው ክፍል ውስጥ በሚሰጠው ሌክቸር ብቻ አይደለም። ተማሪው ከክፍል ውጭ በሚያነበው፣ ከአማካሪው ጋር በሚኖረው ቆይታ፣ ከባልደረቦቹ ጋር በሚያደርገው ክርክር ነው የሚሠራው። የመደበኛ ማስተርስ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓመት በኮርስ ሁለተኛው በቲሲስ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ፍለጋ የጨረሰ ሰው ንባቡን የሚጀምረው ኮርሱ ከተጋመሰ በኋላ ነው። በሦስት ሰዓት በር የሚዘጋበት ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ማምሸት አይችልም። በዓመቱ አጋማሽ «ቤቱን ለዘመድ እፈልገዋለሁ» የተባለ ደግሞ ፕሮፖዛሉን ትቶ ጓዙን ይሸክማል። ከዚያ ቲሲሱ ይዘገያል፣ የትምህርት ፈቃዱ ይራዘማል፣ የላከውም ዩኒቨርሲቲ መምህሩን ሳያገኝ ደመወዝ እየከፈለ ይቆያል። የቤት ችግር መስሎ የጀመረው ነገር የመንግሥት ወጪ ሆኖ ያበቃል።

መጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ደመወዝተኞች ናቸው፣ ለአቅመ አዳም የደረሱ ናቸው፣ ከአፍላ ወጣት ጋር እኩል መታቀፍ የለባቸውም። እውነት ነው፤ ማንም አልጋና ቁርስ በነፃ ይሰጣቸው አላለም። ግን ትልቅ ሰው መሆናቸው ራሱ ችግሩን ያከብደዋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚያስተዳድረው ቤት የለውም። የማስተርስ ተማሪው ከመጣበት ከተማ ሚስትና ልጅ፣ ወይም የሚጦራቸው እናት ይኖሩታል፤ ለአንድ ቤት ሲብቃቃ የነበረው ደመወዝ አሁን ለሁለት ይከፈላል። ዘመድ ጋ መጠጋትም የሚያዛልቅ መላ አይደለም። የእንግዳ ወርቅነት ቀናት በጨመሩ ቁጥር መደብዘዙን ማንም ያውቃል፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ረጅም እንግድነት ነው። የብስለቱ ጥቅም የሚታየው መረጃ ሲሰጠው ነው። የትኛው ሰፈር ምን ያህል እንደሚከራይ፣ ታክሲው የት እንደሚያዝ፣ መብቱ ምን እንደሆነ ያወቀ ትልቅ ሰው በእርግጥም ራሱን ይወጣል። ያላወቀ ትልቅ ሰው ግን ለደላላው ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የተለየ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሕግ አለ የሚል ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ለማስተርስ ተማሪ በልኩ የተሰፋ ልብስ ነው ማለት ይቻላል፤ የውሉ ዝቅተኛ ዘመንና የትምህርቱ ዘመን ገጥመዋል። ነገር ግን ሕግ የሚሠራው የሚጠራው ሲኖር ነው። ውል ሲባል ግብር የሚታሰባቸው አከራይ «በቃል እንተማመን» ይላሉ፤ ከተማውን የማያውቀው ተማሪም ክፍሏ እንዳታመልጠው ይስማማል። ወረዳው የት እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ መብቱን በወረዳ ያስከብራል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ዩኒቨርሲቲው አንድ ወጥ የውል ቅጽ አዘጋጅቶ፣ «ተማሪያችን ነው» የሚል ደብዳቤ አያይዞ ቢያቀርብ ግን አከራይዋም ያጡትን ምስክር ያገኛሉ፣ አዋጁም ከወረቀት ወርዶ ግቢያቸው ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ክብደት ያለውም እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎቻቸው ዶርምና ምግብ ማቅረብ ራሱ እየከበዳቸው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ገቢውን በራሱ ማሰብ ይጠበቅበታል። ስለዚህ አዲስ ሕንፃ ይሠራ ብሎ መጠየቅ ቀላል፣ መፈጸሙ ግን ሩቅ ነው። የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ግን ሕንፃ አይፈልግም። በግቢዎቹ ዙሪያ ክፍል የሚያከራዩ ቤተሰቦችን መዝግቦ የሚይዝ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሠራተኛ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የሚታደርባቸው ጥቂት አልጋዎች በተመጣጣኝ ክፍያ ቢዘጋጁ ተማሪው ተቻኩሎ ያገኘውን ክፍል አይዝም። የትምህርት ክፍሉ ነባር ተማሪዎች ለአዲሱ ገቢ ስልካቸውን ይስጡ፤ የመናኸሪያው ባጅ ለማስተርስ ተማሪ አይሆንም ያለ የለም። ላኪው ዩኒቨርሲቲም የሚፈርመው ስምምነት የትምህርት ክፍያን ብቻ ሳይጠቅስ የማደሪያውንም ነገር ያንሣ። ራስ ገዝነትም ቢሆን ይህን የሚያግዝ ነው፤ ተማሪ መርጦ በክፍያ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪውም የሚመርጠው በሚያገኘው አቀባበል ጭምር መሆኑን መርሳት አይችልም።

አንዳንዶች ደግሞ ከማስተርስ ተማሪዎች ብዙዎቹ በማታና በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ናቸው፣ ጉዳዩ የጥቂቶች ነው ይላሉ። ይህ አባባል ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል። ከክልል የሚመጣው ተማሪ ቁጥሩ የሚያንሰው ለምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። መግቢያ ፈተና አልፎ፣ ስሙ ወጥቶ፣ የኪራዩን ወሬ ሰምቶ የሚቀር ሰው በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። ሕፃን የያዘች መምህርትማ አንዲት ክፍል ለማግኘት የምትደርስበት ጣጣ ከወንዱ የባሰ ነው፤ በግቢው የልጅ ለቅሶ የማይፈልግ አከራይ ብዙ ነው፣ ከምሽት ትምህርት በኋላ የሩቅ ሰፈር ጉዞም ለእሷ አደጋ አለበት። የፈተናው ውጤት ያላስቀራቸውን ሰዎች የቤት ኪራይ እያስቀራቸው ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ማንን እንደሚያስተምር የሚወስነው ደላላው ነው ማለት ነው።

ማሻሻያው ከትንሽ ነገር ሊጀምር ይችላል። ለአዲስ ገቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚደርሰው የመግቢያ ማስታወቂያ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በዝርዝር ይነግረዋል፦ የዲግሪው ዋናና ኮፒ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ። በዚያው ወረቀት ግርጌ አንድ መስመር ቢጨመር ብዙ ነገር ይቀየራል። ያ መስመር ተማሪው በደረሰበት ማታ የት እንደሚያድር ይንገረው።