የእንግሊዝኛ አምድ፦ «ከበቡን» ስንል
የዛሬውን ትምህርት ያመጣልን አንድ ተማሪያችን ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 15 ቀን 2023፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ እናቱ ካፉሪ ሰው ቤት ይሠሩ ነበር። ለቃለ መጠይቅ ይረዳቸው ብሎ ታሪካቸውን በእንግሊዝኛ ጻፈና «እረሙልኝ» አለን። አንዱ መስመር «ዊ ወር አመንግ ሶልጀርስ» ይላል።

ልጁ ሊል የፈለገው «ወታደሮች ከበውን ነበር» ነው። «አመንግ» ግን ብዙ ሆነው ካሉ ነገሮች መሃል መሆን ነው፤ አንዳንዴም ከእነሱ እንደ አንዱ መቆጠር። ጠያቂው «ታዲያ እናንተም ከወታደሮቹ ነበራችሁ?» ቢላቸውስ? እናቲቱ እኮ እጃቸው ከመጥረጊያና ከድስት በቀር ምንም አልያዘም!

ስለዚህ «ዊ ወር ሰራውንድድ ባይ ሶልጀርስ» እንበል። «ባይ»ን አደራ፤ የከበበን ማን እንደሆነ የምትናገረው እሷ ናት። ቃሉ ለክፉ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ዓባዮች የሚገናኙበትን ደሴት «ቱቲ ኢዝ ሰራውንድድ ባይ ወተር» እንላለን፤ በወዳጅ የተከበበ ሰውም «ሰራውንድድ ባይ ፍሬንድስ» ነው።

በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መሃል ተይዘን ነበር ለማለት ደግሞ ወገኖቹ ሁለት ናቸውና «ቢትዊን» ነው። የእኛ «መሃል» ይህን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል፤ የሚያሳስተንም እሱው ነው።

«አራውንድ» ላላ ይላል። «ሶልጀርስ ወር አራውንድ» ቢባል በአካባቢው ነበሩ እንጂ መውጫ ከለከሉን ማለት አይሆንም። ከሰዓት ጋር ሲመጣ «ገደማ» ነው፤ «አራውንድ ፋይቭ» በእኛ 11 ሰዓት ገደማ መሆኑን እንዳትረሱ።

ለመሆኑ የትኛው ነበር? እናቲቱን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። «መጀመሪያ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበሩ፤ በሦስተኛው ቀን ግን በሩ ላይ ቆሙ፣ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ማን ወጥቶ!» አሉን። እንግዲህ ለሁለቱ ቀን «አራውንድ»፣ ለሦስተኛው «ሰራውንድድ ባይ» ሆነ፤ አንዱ መስመርም ሁለት ሆነ። ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። እስክሪብቶውን ይዞ ዝም ብሎ አያቸው፤ ከዚያ አስተካክሎ ጻፈው።

በር ላይ ለቆመው «ኢን ፍረንት ኦፍ»ን ስቷል፤ እሱን በሚቀጥለው እትም እናየዋለን።