የምግብ ዝርዝር ባህል አይሆንም

ባለፈው ሳምንት በጓደኞቻችን ፊት ቆመን የማስተማር ልምምድ ስናደርግ ለእያንዳንዳችን አንድ አገር በዕጣ ደርሶን ነበር። ለእኔ የደረሰችኝ ሰርቢያ ናት። ርዕሱ «ባህል፣ በዓላት፣ ምግብና ተፈጥሮ» ይላል። እኔም ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳውን በአራት ከፈልኩት። ምግብ፦ ሳርማ፣ ማለትም በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋና ሩዝ። መጠጥ፦ የፕሪም አረቄ። ጭፈራ፦ ኮሎ። ተፈጥሮ፦ የዳኑብ ወንዝ፣ የታራ ተራራ ደን። ሁሉም ትክክል ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም። ታዲያ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛችን እጁን አውጥቶ «ይህን ሁሉ የሚበሉት መቼ ነው? ከማን ጋርስ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጥያቄ ዘግይቶም ቢሆን ለመመለስ ነው። እግረ መንገዴንም ነገ ክፍል ስንገባ የሌላውን ሕዝብ ባህል እንዴት እናስተምር በሚለው ላይ ያለኝን አስተያየት ለመስጠት ነው።

መልሱን ያገኘሁት ስላቫ ከሚባለው በዓል ነው። ስላቫ የሰርብ ኦርቶዶክስ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ የቤቱን ጠባቂ ቅዱስ የሚያከብርበት ቀን ነው። በዕለቱ ሻማ ይበራል፤ ያጌጠ ዳቦ ይቀርባል፤ ቀይ ወይን ይፈስበትና በጋራ ይቆረሳል። በብዙ ቤት እንግዳ ሲገባ አስቀድሞ የሚቀምሰው በስኳር የተዘጋጀ የተቀቀለ ስንዴ ነው፤ እኛ ንፍሮ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። በድሮው ልማድ ለስላቫ ጥሪ አይላክም፤ ቀኑን የሚያውቅ ሁሉ ራሱ ይመጣል።

እንግዲህ ዝርዝሬ ነፍስ የዘራው እዚህ ላይ ነው። የብዙ ቤተሰብ ስላቫ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቀን ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 19 ይውላል። ያ ጊዜ የገና ጾም ስለሆነ ሥጋም ወተትም እንቁላልም የለም። ሳርማው ያለ ሥጋ ይጠቀለላል፤ ገበታው ላይ ዓሣና ባቄላ ይቀርባል። አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህ የወንዝና የኩሬ ዓሣ በገበታው ላይ የታወቀ ነው። ዳኑብን በሌላ ዓምድ የጻፍኩት ለምን ነበር? አረቄውም እንደዚሁ ነው። ሹማዲያ የሚባለው ኮረብታማ አገር ስሙን ያገኘው ደን ከሚለው ቃል ነው፤ ዛሬ ግን የሚታወቀው በፕሪም ተክሉ ነው። ምግቡ፣ በዓሉና ተፈጥሮው አንድ ገበታ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ሰርቢያ ለብዙ መቶ ዓመታት በኦቶማን ቱርኮች ሥር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1766 የፔች ፓትርያርክ መንበር ጭምር ተሽሮ ነበር። ከ1945 በኋላም የሶሻሊስቱ መንግሥት በዓሉን ከአደባባይ አራቀው። ስላቫ ግን አልጠፋም። ለምን? ቤት ውስጥ ስለነበረ ነዋ! አባት ለልጁ ሲያወርሰው፣ እናት ዳቦውን ስትጋግር ቆየ። ዩኔስኮ በ2014 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው።

አንዳንዱ «ይኼ እኮ የእኛው ማኅበርና ዝክር ነው» ይል ይሆናል። መመሳሰሉ እውነት ነው። እንዲያውም የቅዱስ ሚካኤል ስላቫና የእኛ ኅዳር ሚካኤል በአብዛኛው ዓመት በአንድ ቀን ይውላሉ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 21። ነገር ግን «እንደ እኛው ነው» ብሎ ማለፍም ስንፍና ነው። የእኛ ማኅበርተኞች ከተለያየ ቤት ተሰባስበው በየወሩ በተራ ይደግሳሉ። ስላቫ ግን የአንድ ቤት ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይወርዳል። ያገባች ሴት እንደ ልማዱ የባሏን ቤት ስላቫ ታከብራለች። ታዲያ ዳቦውን የምትጋግረው እሷ ሆና ቅዱሱን የሚወርሰው ወንዱ የሆነው ለምንድን ነው? ተማሪ ይህን ቢጠይቅ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዝም ልናሰኘው አይገባም። በተጨማሪም በሰርቢያ የሚኖረው ሁሉ ስላቫ እንደማያከብር መንገር አለብን፤ በሰሜን ሀንጋሪዎች፣ በደቡብ ምዕራብ ሙስሊም ቦስኒያኮች አሉ።

«አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ሁሉ አይበቃም፤ ፈተናውም የሚጠይቀው ዝርዝሩን ነው» የሚል ክርክር ከጓደኞቼ ሰምቻለሁ። ሐሰት አይደለም። እኔ የምለው ግን ዝርዝሩን አንድ ገበታ ላይ አስቀምጡት ነው። አሥር ስም በቃሉ የያዘ ልጅ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳዋል። በጾም ቀን ሳይጠራ ወደ ጎረቤቱ ቤት የሄደውን እንግዳ ግን አይረሳውም።

በሰርቢያ ትምህርት ቤቶችም የራሳቸው ስላቫ አላቸው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ጥር 27፣ የቅዱስ ሳቫ ዕለት ነው። ሳቫ በ1219 የመጀመሪያው የሰርቦች ሊቀ ጳጳስ የሆነ መነኩሴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ በዓል ከትምህርት ቤት ወጥቶ ነበር፤ በ1990ዎቹ ተመለሰ። የተመለሰው የሚያስታውሰው ሰው ስለነበረ ነው።

ስለዚህ የወደፊት መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ልምምድ አገር በዕጣ ሲደርሰን ሰሌዳውን ከመክፈላችን በፊት ያንን ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ፤ መቼ ነው የሚበሉት? ከማን ጋር? መምህሮቻችንም ከውጤት መስጫው ላይ ለዚህ ጥያቄ ጥቂት ነጥብ ቢያስቀምጡልን አንጠላም።