ጉደኛ ያለው ማነው?

ልጄ በዚህ ክረምት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እያነበበች ነው። እኔ ታሪኩን መጀመሪያ ያወቅሁት በራዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነበር። ባለፈው እሑድ ቡና ሳፈላ መጽሐፉን ይዛ መጣችና «እማዬ፣ ካሳን ለምን ‹ጉዱ› አሉት?» አለችኝ።

«እብድ ነው ብለው ነዋ» አልኳት፣ ከጀበናው ቀና ሳልል።

«ታዲያ ለምን ‹እብዱ ካሳ› አላሉትም?»

መልስ አጣሁ። ሲኒ እያጠብኩ ነገሩን አሰላሰልኩት። ስንደነቅም፣ ስንደነግጥም፣ ስናፍርም «ጉድ!» እንላለን። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» የምንለውም ያልለመድነውን ነገር ነው። እብድ ያልነውን ሰው ነገሩን ንቀን እናልፈዋለን፤ ጉድ ያልነውን ግን እየፈራነውም ቢሆን እንሰማዋለን። ካሳ ዳምጤ የተማረ ሰው ነው። ጥፋቱ ሌላው አሜን ብሎ የተቀበለውን የባላባት ሥርዓትና ልማድ መንቀፉ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልቦለድ ውስጥ ካሳን «ጉዱ» የሚሉት በዙሪያው ያሉ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ሲሆን ቃሉ ስለ ተጠሪው ብቻ ሳይሆን ስለ ጠሪዎቹም ይናገራል። የቃሉን ፍቺ መዝገበ ቃላት ይነግረናል፤ ከማን አፍ እንደወጣና ለምን እንደተመረጠ ግን የምናገኘው ከታሪኩ ነው።

ይህንኑ ለልጄ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ባለፈው እንግዶች ፊት ‹ይቺ ጉደኛ!› ያልሽኝስ?» አለችኝ።

አስታወስኩ። ወንድሟ ሳህን ሊያነሳ ሲል አጎቷ «አንተ ተቀመጥ፣ እሷ ታንሳ» አለው። እሷም «እሱ እጅ የለውም?» ብላ ጠየቀች። እኔ፣ ወንድሜ እንዳይቀየም ብዬ፣ በዚያች ቃል አፏን አስያዝኳት። እንግዶቹ ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ጥያቄዋ ትክክል ነበር፤ ቃሉን የመረጥኩት እኔ ደግሞ መልስ ስላልነበረኝ ነው።

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ውድ አንባብያን፣ ከልጆቻችሁ ጋር ልቦለድ ስታነቡ የቃሉን ፍቺ ብቻ ነግራችሁ አትለፉ፤ ማን፣ ለማን፣ ለምን እንዳለውም አብራችሁ ፈልጉ። ጥያቄው ወደ ራሳችሁ ቤት ዞሮ ቢመጣም አትቆጧቸው።

የዚያን ቀን ሲኒውን ያነሳው ወንድሟ ነው።