ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈርና ከጎኑ ያለው ካባ

ከተማ ሲሠራ ድንጋዩና አሸዋው ከአንድ ስፍራ መውጣቱ የታወቀ ነው። ካባው ተቆፍሮ ሲያበቃ ቆፋሪው መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ገደሉ ግን ይቀራል። ከገደሉም አፋፍ ሌላ ቦታ ያጣ ድኻ ጎጆውን ይቀልሳል። እንዲህ ያለውን ሰፈር ማደስ ምን ማለት እንደ ሆነ ለመረዳት፣ በኮሎምቢያ አገር የምትገኘውን የሜደሊንን ከተማ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እናቀርባለን። የከተማዪቱን ዘመን የምንቈጥረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ሜደሊን በተራሮች መካከል፣ በአቡራ ሸለቆ የተቈረቈረች ናት። በ1951 ሕዝቧ ከ400,000 የማይበልጥ ሲሆን፣ በ1973 ከ1 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ከጨመረው ሕዝብ ብዙው በገጠር የነበረውን የርስ በርስ መተላለቅ ሸሽቶ የመጣ ነው። ሜዳው ተይዞ ስለ ነበር፣ መጤው ያለ ፕላንና ያለ ፈቃድ ዳገቱን ወጣ። ዳገቱም ዋጋውን አስከፈለ፤ በ1987 በቪያቲና ሰፈር ተራራው ተንዶ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ቀበረ። በ1991 ደግሞ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጦርነት በበረታበት ጊዜ፣ ከ100,000 ነዋሪ መካከል ወደ 380 የሚሆነው በሰው እጅ ሞተ።

አዲሱ ሥራ ጎልቶ የታየው ከ2004 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ማመላለሻ ከሸለቆው ባቡር ተነሥቶ ወደ ሳንቶ ዶሚንጎ ሰፈር ወጣ። የሒሳብ መምህር የነበሩት ከንቲባ ሰርኺዮ ፋሐርዶም ያማረው ሕንጻ ለድኻው ሰፈር ይገባል በማለት፣ ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት በዳገቱ ላይ አሠሩ። በኹዋን ቦቦ ጅረት ዳር ደግሞ ሕዝቡ ከጎረቤቱ ሳይለያይ እዚያው አዲስ ቤት እንዲያገኝ ተደረገ። በ2011 ኮሙና 13 በሚባለው ወረዳ 384 ሜትር የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተመረቀ። ዛሬ የውጭ አገር ጎብኚ ሁሉ የሚያየው ይህንን ነው።

ነገር ግን ከዚሁ ወረዳ በላይ፣ አሸዋ ሲወጣበት የኖረ፣ የሕንጻ ፍርስራሽም የሚደፋበት፣ ላ ኤስኮምብሬራ የተባለ ስፍራ አለ። በጥቅምት 2002 መንግሥት ከ1,000 በላይ ወታደርና ፖሊስ አሰልፎ ወረዳውን ከያዘ በኋላ፣ ብዙ ወጣቶች እንደ ወጡ ቀሩ። እናቶች «ልጆቻችን ከፍርስራሹ ሥር ናቸው» እያሉ ከ20 ዓመት በላይ ጮኹ። በ2015 ተቈፍሮ ምንም አልተገኘም። በታኅሣሥ 2024 ግን የሰው ዐፅም ተገኘ፤ እናቶቹ እውነታቸውን ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ከቀለሙ በፊት መሬቱ ይመርመር። ካባ የተራራውን እግር ይቈርጣል፤ የተደፋው ፍርስራሽም ውሃ ሲጠጣ ይከዳል። ስለዚህ የውሃ መውረጃውና የድጋፍ ግንቡ ከሁሉ ይቀድማሉ። ያማረ ሕንጻ ብቻውን ዋስትና እንዳይደለ፣ በ2007 በሳንቶ ዶሚንጎ የተመረቀው የእስፓኛ ቤተ መጻሕፍት 10 ዓመት ሳይሞላው በአሠራሩ ጉድለት መዘጋቱ ይመሰክራል። ሁለተኛ፣ መነሣት የማይገባው ሕዝብ አይነሣ፤ መነሣቱ ግድ የሆነበትም ከእንጀራውና ከዕድሩ እንዳይርቅ ይታሰብለት። ሦስተኛ፣ የነዋሪው ቃል ይሰማ። ካባው የደበቀውን የሚያውቀው ፕላን አንሺው ሳይሆን ከአፋፉ የሚኖረው ሰው ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ወገኖቻችን ያለቁበትን ቀን አንረሳም። ክምሩም እንደ ካባው ሁሉ ከተማው ተጠቅሞበት ጀርባውን ያዞረበት ስፍራ ነበር።

ነገ ፕላን ዘርግታችሁ የምትፈርሙ ወጣቶች ሆይ፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዳገቱን በእግራችሁ ውጡ። ከካባው አፋፍም ቆማችሁ፣ በዚያ ልጇን የምታሳድገውን እናት ጠይቁ። ከተማው ለሕንጻው ሲል የቈረሰውን ተራራ ዕዳ እስከ ዛሬ የምትከፍለው እርሷ ናትና።