ካምፑ ሳይዘጋ ሕጉ ይቅደም

ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት አዲስ አበባ፣ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። በጊዜው ፈጥኖ ደራሹን ይመሩ የነበሩት ታደሰ ብሩ ካስተማሯቸው መኮንኖች አንዱ ናቸው። ይህን ታሪክ ደጋግመን ሰምተነዋል። ከካምፑ አጥር ውጪ ስለሚኖረው ሕዝብ ግን የሚያወራ ጥቂት ነው።

የወታደር ወይም የፖሊስ ካምፕ ያለበት ሠፈር ኑሮው በደመወዝ ቀን ይቆጠራል። ባለሱቁ ዱቤውን በደብተር ይይዛል፤ ወር ሲደርስ ይሰርዛል። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርታ የምታከራይ እናት፣ በር ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ፣ የደንብ ልብስ የሚያሳጥር ልብስ ሰፊ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የዘረጋች ሴት ሁሉም የሚተዳደሩት በካምፑ ነው። ካምፑ አንድ ቀን ቢዘጋ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ለእነዚህ ሰዎች ማን ይጠየቃል? ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚክሰው መሬት በመወሰዱ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። የባለሱቁን መሬት ደግሞ የወሰደበት የለም፤ የሄዱበት ደንበኞቹ ናቸው። ስለዚህ የከተማው ምክር ቤት የካምፕ መዘጋትን የሚመለከት ደንብ ከአሁኑ ሊያወጣ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዝግጅት ሳይኖር ምን እንደሚሆን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። በ1945ቱ ስምምነት ለአሜሪካ የተሰጠው የአሥመራው ቃኘው ጣቢያ ብዙ የከተማውን ሰው ቀጥሮ ያሠራ፣ ብዙ ቤት ያስከራየ ነበር። ሠራተኛ መቀነስ ቀደም ብሎ ቢጀመርም፣ ደርግ በሚያዝያ 1969 እንዲዘጋ ሲያዝ የሰጠው ጊዜ አራት ቀን ነው። በአራት ቀን ዱቤ አይሰበሰብም። በግንቦት 1983 ደግሞ የደርግ ጦር ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ወደ ሲቪል ኑሮ ገባ። ለወታደሩ የሚያቋቁመው ኮሚሽን ተሰየመለት፤ በካምፖቹ ዙሪያ የነበረው ነዋሪ ግን የራሱን ዕዳ ራሱ ቻለ።

«መከላከያና ፌዴራል ፖሊስ የፌዴራል መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ከተማው ምን አገባው?» የሚል መልስ ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 እንደዚያ ነው፤ ልክ ነው። የአሜሪካ ግዛቶችም ሥልጣኑ የላቸውም። እዚያ የጦር ሠፈሮች በ1988፣ 1991፣ 1993፣ 1995 እና 2005 እ.ኤ.አ. በአምስት ዙር ሲዘጉ የሚዘጉትን ዝርዝር ያወጣው ገለልተኛ የፌዴራል ኮሚሽን ነው። ሆኖም የቴክሳስ ምክር ቤት የመጨረሻው ዙር ሳይደርስ በ2003 እ.ኤ.አ. የራሱን የዝግጅት ኮሚሽን አቋቋመ፤ ለጦር ሠፈር አካባቢ ማኅበረሰቦች የሚውል ብድርም አመቻቸ። መዝጋቱ ከእጁ ውጪ ነበር፤ መዘጋጀቱን ግን ማንም አልከለከለውም። የአዲስ አበባም ነገር ከዚህ አይለይም። በአንቀጽ 49 ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት፤ ነዋሪዎቿም በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይወከላሉ። የከተማው ምክር ቤት ደንቡን ሲያወጣ፣ ፓርላማ የገቡት ተወካዮች ደግሞ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ስለ ምስጢር የሚሰጋ ሰው አይፍራ። ስንት ሰው፣ ምን መሣሪያ እንዳለ የሚጠይቅ የለም። የሚፈለገው ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ አጥሩ ከመከፈቱ በፊት ቢያንስ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ነው። በዚያ ዓመት ዱቤው ይሰበሰባል፣ ልብስ ሰፊው ሌላ በር ያገኛል፣ አከራይዋ ሌላ ተከራይ ትፈልጋለች።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ከተማው ውስጥ ሰፊ ግቢ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚታየው የሊዝ ዋጋው ነው። ደንቡ ከጨረታው በፊት የአካባቢው ሰው ትምህርት ቤት ይሁን፣ ጤና ጣቢያ ይሁን፣ ገበያ ይሁን የሚልበት መድረክ ካላስቀመጠ፣ ቦታውን ለዓመታት የጠበቀው ጎረቤት ከአጥሩ ውጪ ይቀራል። ማንዴላ የሠለጠኑበት ግቢም በቅርስነት ሳይመዘገብ እጅ እንዳይቀይር ደንቡ ያስገድድ።

ኮልፌ ቀራኒዮን የምትወክሉ የምክር ቤት አባላት፣ የመዘጋት ወሬ ሳይመጣ በዚህ ሰላማዊ ጊዜ ረቂቁን አቅርቡ፤ ከማቅረባችሁ በፊትም ካምፑ በር ላይ ቡና የምታፈላውን ልጅ አነጋግሯት።