ወንዱ 15 ሺህ፣ ሴቷ 9 ሺህ

ታናሽ እህቴ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። ሁለት ቡችሎች ናቸው። መዳፍ ላይ የሚያድሩ፣ ነጭ ፀጉራቸው ዓይናቸውን የሸፈነ፣ አንዱ የሌላውን ጆሮ የሚያኝክ። ከሥር ሻጩ የጻፈው አጭር ነው፦ «ፑድል። ወንዱ 15 ሺህ፣ ሴቷ 9 ሺህ። ድርድር የለም።» እህቴ ደግሞ አንድ ቃል ጨመረችበት፤ «የቱን?»

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ሥራ ለማግኘት ብዙም አልጠቀመኝም፤ አንድ በሽታ ግን ትቶብኛል። ሁለት ዋጋ ጎን ለጎን ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከአንድ እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ቡችሎች 6 ሺህ ብር የሚለያዩት ለምንድን ነው? በማግስቱ ለሻጩ ደወልኩና ጠየቅሁት። «ሴት ናታ፣ እናት!» አለኝ። ማብራሪያው ይኸው ነው። አለቀ።

አላስቻለኝም፣ ሌላ ሻጭ ጋ ደወልኩ። እሱ ጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ፤ የምትወደደው ሴቷ ናት። «ለምን?» ስለው፣ «ትወልድልሻለቻ! በአንድ ዙር ብርሽን ትመልሺያለሽ» አለኝ። እንግዲህ ሴትነቷ አንዱ ጋ ቅናሽ ነው፣ ሌላው ጋ ጭማሪ። ምክንያቱ ግን የሁለቱም አንድ ነው፤ መውለዷ።

(አዎ፣ እኔም ሴት ልጅ ነኝ፤ ምን እያሰባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ውሻን ከሰው ጋር እያነጻጸርኩ አይደለም። «ሴት ናታ» የሚለው አነጋገር ግን ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም።)

መጀመሪያ የእህቴን ጥያቄ ልመልስ። ትንንሽ ዝርያዎችን በተመለከተ በየቤቱ የማይሰማ ቲዎሪ የለም። «ወንድ ይጫወታል፣ ሴት ታኮርፋለች።» «ሴት ረጋ ትላለች፣ ወንድ ያስቸግራል።» እውነቱ አሰልቺ ነው፤ በሁለት ወንድሞች መካከል ያለው የባሕርይ ልዩነት ብዙ ጊዜ በወንድና በሴት መካከል ካለው ይበልጣል። ቡችላን ይበልጥ የሚቀርጸው የወላጆቹ ጠባይና ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ባለው ዕድሜው ያየው፣ የሰማው፣ የነካው ነገር ነው። በዚያ ጊዜ ካርቶን ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ቡችላ ወንድም ሆነ ሴት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋ ሥር ቢገባ አትገረሙ።

በእርግጥም የሚለያዩባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከሆርሞን የሚመጡ። ወንዱ ለአቅመ ውሻ ሲደርስ እግሩን እያነሳ የሶፋውን ጥግ፣ የወጥ ቤቱን በር ምልክት ማድረግ ይጀምራል። የሴት ጠረን ከሸተተው ደግሞ ስሙን ብትጠሩት አይሰማም። ማኮላሸት ይህን ይቀንሰዋል። ልማድ ከሆነ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ ላይተው ይችላል።

ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ይመጣባታል። ትንንሾቹ ቶሎ ይደርሳሉ፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ ዓመት ባለው ውስጥ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆያል፣ ደምም አለው። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አምና ምድር ቤት ያለችው ጎረቤታችን ትንሽ ውሻ ተራዋ ሲደርስ፣ ጠዋት ሥራ ልሄድ ስወርድ ደረጃው ሥር ሰባት የሰፈር ውሻ ተሰልፎ ጠበቀኝ። ጥበቃው ጋሼ ሳምንቱን ሙሉ ዱላ ይዘው አደሩ። «ሠርግ ነው እንዴ?» እያለ ሰው ሳቀ። የሚያስቀው ግን እስኪረገዝ ድረስ ነው። 3 ኪሎ የማትሞላ ውሻ ከትልቅ የሰፈር ውሻ ካረገዘች ሽሉ ሊገዝፍባት፣ ምጡም ሊገድላት ይችላል። ከራሷ ዝርያ ብታረግዝ እንኳ እንደ ቺዋዋ ያሉት የቡችሎቻቸው ጭንቅላት ለዳሌያቸው ስለሚተልቅ፣ በኦፕራሲዮን መውለድ የተለመደ ነው።

ስለ ጾታ ስናወራ ከታች ያለው ብሎክ ውስጥ የሆነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። «ጃክ» የሚባል ውሻ አላቸው። ወንድ ተብሎ፣ በወንድ ዋጋ ተገዝቶ፣ በወንድ ስም ተጠርቶ ያደገ። ጃክ አምና ሦስት ወለደ። ገና ትንሽ ሲሆኑ ማሳሳታቸው የተለመደ ነው፤ የወንዱ ፍሬ እስከ ሁለት ወር ገደማ ላይወርድ ይችላል። አገላብጣችሁ ስታዩ ወንዱ ከእምብርቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሆዱ ላይ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ የሴቷ ከጭራዋ ሥር ነው። ጃክ እስካሁን ጃክ ነው የሚባለው።

የጃክ ታሪክ ግን ነገሩን እንድገልጥ ረዳኝ። ጾታ ማለት ገዢው ቡችላውን ገልብጦ በገዛ ዓይኑ ሊያረጋግጠው የሚችል ብቸኛው ነገር ነው። (ያም ቢሆን፣ እንዳያችሁት።) ሌላውን ሁሉ የሚያውቀው ሻጩ ነው። ስንት ሳምንቱ ነው? እናቱ የታለች? በልቶ ነው ያደረው ወይስ አሁን ለቪዲዮው ነው የነቃው? ክትባቱስ በትክክል ተሰጥቷል ወይስ ደብተሩ ላይ ብቻ ነው ያለው? ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ይህንኑ ነው። በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል አሸልሞታል። ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው ካላወቀ፣ ገዢው ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዋጋ ይሰጣል። ያኔ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፣ መጥፎው ይቀራል። የቴሌግራም ቡችላ ገበያ ይሄው ነው። ስምንት ሳምንት እናቱ ሥር አቆይቶ፣ አስከትቦ የሚሸጥ ሰው ወጪው ብዙ ነው። በአምስተኛው ሳምንት ነጥቆ «ሁለት ወር ሞልቶታል» ከሚለው ጋር ግን በአንድ ዋጋ ነው የሚወዳደረው። ፀጉሩ ረዘም ካለ «ፑድል»፣ ፊቱ ጠፍጠፍ ካለ «ሺ ዙ»፤ ተከራከሩ እንግዲህ።

ስለዚህ እኛ የማናየውን ትተን በምናየው እንከራከራለን፤ ወንድ ወይስ ሴት። ያላየነው ግን ነው ዋጋ የሚያስከፍለን። ፓርቮ የሚባለው በሽታ ያልተከተበ ቡችላን በደም ተቅማጥና በትውከት በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ተጀምሮ፣ 16 ሳምንት ገደማ እስኪሆነው በየሦስትና አራት ሳምንቱ ይደጋገማል፤ አንዴ ተወግቶ አያበቃም። ትንንሾቹ ደግሞ ጥቂት ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ ስኳራቸው ወርዶ ሊዝለፈለፉ ይችላሉ።

ዋጋውን እንየው ካላችሁም ቀላል ነው። ትንሽ ዝርያ በደንብ ከተያዘ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። 6 ሺህ ብር ለ14 ዓመት ሲካፈል በወር 36 ብር አይሞላም። አንድ ማኪያቶ አይገዛም! በዚህ ልዩነት ላይ ሦስት ቀን ስንጨቃጨቅ፣ ምግቡን፣ የየዓመቱን ክትባት፣ ሐኪሙን ማንም አላነሳም። እህቴ 18 ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ፈተና ትፈተናለች። ዩኒቨርሲቲ የት እንደምትመደብ አናውቅም። ጎንደር ይሁን ጅማ፣ ውሻ ይዛ ዶርም አትገባም። ስለዚህ «የቱን?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ትርጉሙ «አንቺ የቱን ታሳድጊልኛለሽ?» ነው።

«ትወልድልሻለች» የሚለውን ሒሳብ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሞክሮታል። ክፍላችን ውስጥ ሒሳብ የሚችል እሱ ነበር፤ በኤክሴል ሠርቶ አሳየኝ። አራት ቡችላ፣ በዓመት ሁለቴ፣ ሲባዛ በዋጋው። ኤክሴሉ ውስጥ ምጥ የለም። 63 ቀን ገደማ ከጠበቀ በኋላ ውሻዋ ሌሊት አምጣ አቃታት፤ ታክሲ ተከራይቶ ሐኪም ፍለጋ ሲዞር ነጋ። በኦፕራሲዮን ሦስት ወጡ፣ አንዱ ሞቶ። የሁለቱ ሽያጭ የኦፕራሲዮኑን እንኳ አልሸፈነም። ከሦስት ወር በኋላ ስንገናኝ «ቢዝነሱስ?» አልኩት። «ባክሽ ተዪኝ» አለኝ። እናቲቱ ተርፋለች፤ አሁን እናቱ ቤት ሶፋ ላይ ናት።

አሁን መናገር የማልወደውን ልናገር።

ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ዳማ የምትባል ውሻ ነበረችን። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ስድስት ወለደች፤ ሁለት ወንድ፣ አራት ሴት። ወንዶቹን ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ ጎረቤት ተሻማባቸው። ሴቶቹን የጠየቀ የለም። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ዳማን በእጁ እያጎረሰ ነው ያሳደጋት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ለታላቅ ወንድሜ የማዳበሪያ ከረጢት ሰጠው። «ራቅ አድርጋችሁ» ነው ያለው፣ ሌላ አልጨመረም። እኔም ተከተልኩ። መንገድ ላይ ወንድሜ ሲደክመው ያዝኩለት፤ ከረጢቱ ይሞቅ ነበር። ቦርከና ዳር ስንደርስ ወንዝ ውስጥ መጣል አቃተው። ቁጥቋጦ ሥር አስቀምጠነው ሮጥን። ለዓመታት «አልጣልናቸውም፣ አስቀመጥናቸው እንጂ» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ዳማ ሦስት ቀን ሙሉ ግቢውን እያሸተተች ዞረች።

ዩኒቨርሲቲ «ኤክስተርናሊቲ» የሚባለውን ስማር፣ መምህሩ የፋብሪካ ጭስ ምሳሌ ሰጠን። እኔ የመጣብኝ ያ ከረጢት ነው። በገዢና በሻጭ መካከል ያልተነሳ፣ ሦስተኛ ወገን የሚከፍለው ወጪ። ዛሬም የሴቷ ቡችላ ዋጋ የሚረክሰው ወጪዋ ስለሚያንስ አይደለም። ካልፈለግናት መንገድ ላይ እንደምንተዋት ሁላችንም በልባችን ስለምናውቅ ነው። መንገድ ላይ የተተወው ደግሞ ይዋለዳል፣ ሳይከተብ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚከሰተው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚነከሰው ልጅ ስለ 6 ሺህ ብሩ ቅናሽ የሰማው ነገር የለም።

ወንድ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ «እኔን አይመለከተኝም» ይላል። የወንዱ ባለቤትነት ምቾቱ ይኸው ነው፤ ውሻው ይወጣል፣ ያስረግዛል፣ ለእራት ይመለሳል። ከረጢቱ ሌላ ግቢ ነው ያለው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይኼ ነው። ለማምከኛው ገንዘብ ሳትይዙ ቡችላ አትግዙ፤ ወንድም ቢሆን። የወንዱ ኦፕራሲዮን ቀለል ያለ ነው። የሴቷ ሆድ ተከፍቶ ስለሚሠራ ይከብዳል፤ የጠየቅኋቸው ሁለት ክሊኒኮችም ለእሷ ጨምረው ነው የነገሩኝ። ጥቅሙም ግን የዚያኑ ያህል ነው፤ ማህፀኗ መግል ቋጥሮ ከመሞት ትድናለች፣ ቶሎ ከተሠራላት ደግሞ በጡት ዕጢ የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። 2 ኪሎ ለምትመዝን ውሻ ማደንዘዣ መስጠት ልምድ ይጠይቃልና፣ ሐኪሙን በዚያ መጠን ያለች ውሻ ሠርቶ እንደሚያውቅ ለመጠየቅ አትፈሩ። ይህን ማድረግ የማትችሉ፣ በዓመት ሁለቴም ሦስት ሦስት ሳምንት በር ዘግታችሁ የማትጠብቋት ከሆነ፣ ሴት አትውሰዱ። ስለምታንስ አይደለም፤ እናንተ ስላልተዘጋጃችሁ ነው።

እኛ ከቴሌግራሙ ልጅ አልገዛንም። «እናቲቱን ማየት እንችላለን?» ስለው ስልኩን ዘጋው። ከወር በኋላ በሰው በሰው አንዲት እናት ቤት ሄድን፤ ውሻቸው ሳሎን ውስጥ ሦስት ቡችሎቿን እያጠባች ነበር። ዘጠነኛ ሳምንታቸው ነው፤ አንዷ መጥታ የጫማዬን ክር ጎተተች። ሴት ናት። ሴትዮዋ ዋጋ ሊቀንሱልን ሲሉ እህቴ «አይ እትዬ፣ እንደ ወንዶቹ እንከፍላለን» አለች። እኔ ብሆን እቀንስ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ለኦፕራሲዮኑ ከአሁኑ በየወሩ እያስቀመጥን ነው።

ባለፈው እሑድ ለአባቴ ደወልኩና ውሻ እንደገዛን ነገርኩት። «ቤት ውስጥ? አራተኛ ፎቅ ላይ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ «ወንድ ነው?» አለኝ።

«ሴት ናት፣ አባዬ።»

ለአፍታ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለኝ። «ማን አላችኋት?»

«ዳማ።»