እስፒከሩ «እስኪፍታታ» እንጠብቅ?

የሚኒ ሚዲያችን አዲሱ እስፒከር ድምፁ የታፈነ ስለሆነ ኋላ የሚሰለፉት ተማሪዎች ማስታወቂያ አይሰሙም። አንዳንድ ልጆች «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራ ይፍታታል» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም።

እውነት ነው፣ ድምፅ የሚያወጣውን ክብ ወረቀት ዙሪያውን የያዘው ጎማ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይላላል። ለውጡ ግን ጥቂት ነው። ቢበዛ ቤዙን ነው የሚነካው፤ ንግግር አያጠራም። ብዙ ጊዜ የሚለምደው ጆሯችን ነው። «ቶሎ ይፍታታ» ብሎ እስከ መጨረሻ መክፈት ደግሞ ውስጡ ያለውን የሽቦ ጥቅል ሊያቃጥለው ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ በስልክ እንቅዳው። ከሳምንት በኋላ በዚያው ቦታና በዚያው የድምፅ መጠን ያንኑ ንባብ ደግመን እንቅዳና እናወዳድር። ካልተለወጠ ጋራንቲው ሳያልፍ ይመለስ። ኋላ የሚሰለፉትም መስማት አለባቸው! እናንተስ ምን ትላላችሁ?